የእስክሪብቶ ክዳን ለምን ቀዳዳ ኖረው? ከዕለት ተዕለት ዕቃዎች የፈጠራ ሐሳብ ማውጫ ዘዴ

የአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ሽፋን እንድሠራ ተሰጥቶኝ ነበር። ስለ አስም የምታስረዳ፣ ለታማሚዎች የምትታደል ቀጭን መጽሐፍ ናት። ሁለት ቀን ሙሉ ስልኬን ስጎረጉር ዋልኩ። የሰው ሥራ አየሁ። ያማረ ሽፋን፣ ያማረ ፖስተር፣ ያማረ ፊደል። በሁለተኛው ቀን ማታ ጭንቅላቴ ሞልቶ እጄ ባዶ ነበር። የሳንባ ሥዕል፣ ሰማይ፣ በነፋስ የሚበተን አበባ፤ ሁሉም ስንቴ ተሠርቷል። ተናድጄ እስክሪብቶዬን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ጠረጴዛው ትንሽ ያዘመመ ነው። ተንከባሎ ይወድቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልተንከባለለም።

ያን እስክሪብቶ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግልጽ ሰውነት ያለው ቢክ ነው። ከ1950 ጀምሮ ይሸጣል። (ዓመቶቹ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንስቼ አገላብጬ አየሁት። እንደ እርሳስ ስድስት ጎን አለው፤ ስለዚህ አይንከባለልም፣ ለጣትም ይመቻል። ሰውነቱ ያሳያል፤ ስንት ቀለም እንደቀረው ሳንከፍተው እናውቃለን። ወገቡ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አለች፤ የውስጡና የውጭው የአየር ግፊት እንዲመጣጠን ነው። ክዳኑም ጫፉ ላይ ተበስቷል። ይህኛው ቀዳዳ ለመጻፍ ምንም አይጠቅምም። ሕፃን ልጅ ክዳኑን ውጦ ጉሮሮው ላይ ቢሰነቀርበት አየር እንዲያልፍ ተብሎ ነው።

አራት ውሳኔ። ሰዎች ቁጭ ብለው የተጨነቁባቸው አራት ውሳኔዎች ኪሴ ውስጥ ሲዞሩ ኖረው አንዱንም አላየሁም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሐሳብ ሲጠፋኝ የማደርገው ይህን ነው። ለሠዓሊም፣ ለዲዛይነርም፣ ለልብስ ሰፊም፣ ለጸሐፊም ይሠራል። ደብተር፣ እርሳስ፣ ቀይ እስክሪብቶ፣ መቀስና አንድ የካርቶን ሳጥን ይበቃል።

1. አንድ ዕቃ ምረጡ፤ መጀመሪያ ሳታዩት ሣሉት

“ዙሪያችሁን ተመልከቱ” የሚባለው ምክር ብዙም አይረዳም። ዙሪያው በጣም ሰፊ ነው። አንድ ዕቃ ብቻ ያዙ። ተራ ቢሆን ይመረጣል፤ የጥርስ ሳሙና ክዳን፣ መቀስ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ የበር እጀታ። የሚያምር ዕቃ ከመረጣችሁ ማድነቅ ትጀምራላችሁ። ሰው ማድነቅ ሲጀምር ማየት ያቆማል።

ዕቃውን ከጀርባችሁ አስቀምጡና በቃላችሁ ሣሉት። አምስት ደቂቃ ይበቃል። “እኔ ሥዕል አልችልም” እዚህ አይሠራም፤ ሥዕሉን የሚያየው የለም። በ1979 ሬይመንድ ኒከርሰንና ማሪሊን አዳምስ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካውያንን የገዛ አገራቸውን የአንድ ሳንት ሳንቲም በቃላቸው እንዲሥሉ ጠይቀው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የቆጠሩት ሳንቲም ነው። ብዙዎቹ የቱ ጽሑፍ የት እንዳለ፣ የሰውየው ፊት በየት በኩል እንደዞረ ተምታታባቸው። እኛም ብንሆን ያው ነን።

አሁን ዕቃውን አምጡና ከሥዕላችሁ ጋር አስተያዩት። የዘለላችሁትን ወይም የተሳሳታችሁትን በቀይ ክበቡ። እኔ የልብስ መቆንጠጫ ስሥል ሞላውን አስታውሼ መንጋጋው ላይ ያለችውን ግማሽ ክብ ረሳኋት። ለካ ገመዱ የሚቀመጠው እዚያ ነው። የዕቃው ዋና ሥራ ያለው እኔ በዘለልኩት ቦታ ላይ ነበር። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው። በደንብ የታሰበበት ነገር እጃችንን ስለማያስቸግር ዓይናችን ያልፈዋል።

2. “ይህ ባይኖር ምን ይበላሻል?” ብላችሁ ጠይቁ

እያንዳንዱን ቀይ ክብ ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቁት። “ያምራል ወይ?” የሚለውን ለጊዜው ተዉት።

አጠገባችሁ ኤ4 ወረቀት ካለ አንሱ። 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። እንዴት ያለ የማይመች ቁጥር ነው! ለምን 200 በ300 አላደረጉትም? ረጅሙን ጎን እኩል ለሁለት እጠፉት። የወጣው ግማሽ መጠኑ አነሰ እንጂ ቅርጹ ያው ነው። ድገሙት፤ አሁንም ያው። ረጅሙ ጎን የአጭሩ 1.414 እጥፍ ያህል ነው፤ የሁለት ስኩዌር ሩት ማለት ነው። ሲታጠፍ ቅርጹን የማይለቀው ይህ ምጥጥን ብቻ ነው። 200 በ300 ቢሆን ኖሮ ስናጥፈው 150 በ200 ይሆንና ቅርጹ ይቀየራል። ይህ መጠን በ1922 ጀርመን ውስጥ ደረጃ ሆኖ ወጣ። ዛሬ የፎቶ ኮፒ ማሽን ኤ3ን ወደ ኤ4 ሲያሳንስ ዳርና ዳሩ ሳይቆረጥ፣ ትርፍ ነጭ ቦታም ሳይተው የሚገጥመው በዚህ ምክንያት ነው። ያ የማይመች ቁጥር ባይኖር የሚበላሸው ይህ ነው።

መልሱን ሁልጊዜ አታገኙትም። ግምታችሁን ጻፉ። የተሳሳተ ግምትም ጥሩ ሥራ ሲወልድ አይቻለሁ።

3. ውሳኔውን ውሰዱ፤ መልኩን ባለበት ተዉት

ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ የምትቸኩሉ ከሆነ የቀረውን ባታነቡት ይሻላል።

አንድ ጊዜ የአንድ ሳሙና ማሸጊያ ቀለም ልቤን ወሰደው። ለሰው በሠራሁት የጥሪ ካርድ ላይ እንዳለ ገለበጥኩት። ካርዱን ያየው የመጀመሪያው ሰው “ሳሙናውን አይመስልም?” አለ። ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ነገር ሊታየው አልቻለም። በጣም ቀሽም ሥራ ነበር። ማሸጊያው ለምን ያን ቀለም እንደመረጠ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩም፤ መልኩን ብቻ ይዤ ሮጥኩ።

ከዚህ በተቃራኒ ሦስት ሰዎችን እዩ።

ሃሪ ቤክ የኤሌክትሪክ መስመር ንድፍ መሣል ሥራው ነበር። በ1931 ለለንደን የምድር ውስጥ ባቡር አዲስ ካርታ ሣለ። በጣቢያዎቹ መካከል ያለውን ትክክለኛ ርቀት ተወው። መስመሮቹን ቀጥ ያሉ፣ አግድም ወይም በ45 ዲግሪ ያዘነበሉ ብቻ አደረጋቸው። ከመሬት በታች ያለ ተሳፋሪ ማወቅ የሚፈልገው የት ወርዶ የት እንደሚቀይር ነው፤ ልክ በኤሌክትሪክ ንድፍ ላይ ዋናው ነገር ምን ከምን እንደሚገናኝ እንደሆነው። ካርታው በ1933 ታተመ። ዛሬም የብዙ ከተሞች የባቡር ካርታ በዚያው መንገድ ይሣላል።

ጆርጅ ካርዋርዲን የመኪና ሞላ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። በ1932 ያንን የሞላ እውቀት ወደ ጠረጴዛ መብራት አመጣው። ክንዱን ወዳሻችሁበት ጎትታችሁ ስትለቁት እዚያው የሚቆመው መብራት እንዲህ ተወለደ።

ሦስተኛው ጃፓናዊው መሐንዲስ ኤይጂ ናካትሱ ነው። ፈጣኑ ባቡር ዋሻ ውስጥ በአንዴ ሲገባ የሚያምቀው አየር በዋሻው ሌላ ጫፍ ሲወጣ እንደ ፍንዳታ ይጮህ ነበር። ናካትሱ ወፍ መመልከት ይወዳል። ከላይ ተወርውራ ውኃው ብዙም ሳይረጭ ጠልቃ ዓሣ የምትይዝ፣ ረጅም ሹል ምንቃር ያላት ወፍ አለች። እሷም ከቀላል አየር ወደ ከባድ ውኃ በአንዴ ነው የምትገባው። በ1997 ሥራ የጀመረው ባቡር አፍንጫው የእሷን ምንቃር መሰለ።

ሦስቱም የወሰዱት ከሩቅ ነው። ከሌላ ካርታ፣ ከሌላ መብራት፣ ከሌላ ባቡር አልወሰዱም። መጽሐፍ ሽፋን የምትሠሩ ከሆነ ሌሎች ሽፋኖችን ማየት የሚያስገኘው ሌላ ሽፋን ነው። የጫማ ሶል እዩ። የበር ማጠፊያ እዩ።

እንዴት እንደሚደረግ በምሳሌ ላሳይ። ደብተራችሁ ላይ ይህን ጻፉ፦ “እንዲህ ያለ ችግር አለ፤ ስለዚህ እንዲህ ተደረገ።” አሁን ኪኒን የሚታሸግበትን፣ በጣት ገፋ እያደረግን ፍሬውን የምናወጣበትን ማሸጊያ ያዙ። ብዙ ጥቅም አለው፤ እኔ አንዱን ብቻ ልውሰድ። “ሰው መዋጡንና አለመዋጡን ይረሳል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፍሬ የራሱ ቤት አለው፣ ሲወጣም ባዶው ቤት ይታያል።”

ቀጥሎ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የዕቃውን ስምና የሥራውን ዓይነት ሰርዙ። ኪኒን ይውጣ፣ መዋጥ ይውጣ። የሚቀረው “የሄደው ነገር ባዶ ቦታው ይታያል” የሚል ነው። ይህ መድኃኒት ቤት የማያውቀው ሐሳብ ሆነ። የትም ሊሄድ ይችላል። ዲዛይነሩ ያለፈው ቀን ተበስቶ የሚወጣበትና ከጀርባው ሥዕል ቀስ በቀስ የሚገለጥበት የቀን መቁጠሪያ ይሠራበታል። የልጆች መጽሐፍ የሚሥል ሰው በየገጹ ከክፍሉ አንድ ዕቃ ያጎድላል፤ ልጁ የጎደለውን እየፈለገ ያነባል። ጸሐፊው ስለሞተው አባት አንድም ቃል ሳይናገር በየምዕራፉ የማይቀመጡበትን ወንበር ያሳያል። ልብስ ሰፊዋ ከጨርቁ ላይ የቆረጠችውን ቅርጽ በሌላ ጨርቅ ሳትሸፍነው እንደ ጌጥ ትተወዋለች። አራቱንም ሥራዎች አይቶ “ይህ የኪኒን ማሸጊያ ነው” የሚል ሰው የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዓረፍተ ነገሩ “ቀላልና ውብ ነው” የሚል ከሆነ ገና ምንም አልያዛችሁም። ተመለሱና ቀይ ክቦቹን እዩ።

4. ቀለምን ከነመጠኑ ሰብስቡ

ብዙ ሰው የወደደውን ሥዕል ወይም ጨርቅ አይቶ “ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር” ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ ሦስቱን እኩል እኩል ይቀባና ለምን እንዳስጠላው ይገርመዋል። ዋናው ስንት ስንት የሚለው ነው። ደብተራችሁ ላይ አሥር ሳጥን ያለው መስመር አስምሩ። ግድግዳ፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የዝገት ቆርቆሮ እያያችሁ ሳጥኖቹን ሙሉ። ሰባት ተኩል ሣጥን ግራጫ፣ ሁለት ቡናማ፣ አንዷ ግማሽ ሣጥን ብቻ ብርቱካናማ ሊወጣ ይችላል። ያቺ ግማሽ ሣጥን ናት ሁሉን ነገር የምትሠራው።

ዓይናችሁ እንዳያታልላችሁ ደግሞ ነጭ ካርቶን ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር በሁለት ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ቁረጡና በእሷ በኩል እዩ። ፀሐይ በወጣበት ጥርት ያለ ቀን ነጭ ግድግዳ ላይ ያረፈ ጥላን በቀዳዳዋ ተመልከቱት። ግራጫ ነው ብላችሁ ያሰባችሁት ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ፀሐይ ያልደረሰበትን ቦታ የሚያበራው ሰማዩ ነውና። ባውሃውስ በሚባለው የጀርመን የጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤት፣ ኋላም በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ጆሴፍ አልበርስ ተማሪዎቹን በቀለም ፈንታ ባለቀለም ወረቀት ነበር የሚያሠራቸው። ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት ቁራጭ ቁረጡ። አንዱን ጥቁር ላይ፣ ሌላውን ነጭ ላይ አስቀምጡ። አንድ ናቸው ብሎ የሚያምናችሁ አታገኙም።

5. እድፍ፣ ስንጥቅና ያረጀ ነገር አትለፉ

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ለሠዓሊዎች በጻፈው ማስታወሻ፣ እድፍ የያዘ ግድግዳን ትክ ብላችሁ ብታዩ ተራራ፣ ወንዝ፣ ጦርነትና የሰው ፊት ታገኛላችሁ ይላል። ጀርመናዊው ሠዓሊ ማክስ ኧርንስት በ1925 በፈረንሳይ ባሕር ጠረፍ ባረፈበት ቤት የወለሉ ጣውላ መስመሮች ዓይኑን ያዙት። ወረቀት ጣል አደረገባቸውና በእርሳስ እያሸ ቅርጻቸውን አወጣ። ከዚያ የወጣውን እያየ ጫካና እንስሳ አደረገው።

ይህን ዛሬ ሞክሩት። ስስ ወረቀትና ለስላሳ እርሳስ፣ 4ቢ ወይም 6ቢ፣ ያዙ። እርሳሱን አጋድማችሁ በቀስታ እሹ። አምስት ቦታ አድርጉት፤ ቅርጫት፣ የሸራ ጫማ ሶል፣ የተሰነጠቀ ሲሚንቶ፣ ጣውላ፣ የወፍራም ቅጠል ጀርባ።

ያረጀ ነገር ሌላም ጥቅም አለው፤ ሰው ዕቃውን በእውነት እንዴት እንደተጠቀመበት ይናገራል። በሣር ሜዳ ላይ የተሠራውን ጠጠር መንገድ ትተው ሰዎች በእግራቸው ያወጡት አቋራጭ አለ። የበር እጀታ ላይ አንድ በኩል ብቻ ያበራል። ኪቦርድ ላይ ሁለት ሦስት ፊደል ብቻ ይፋቃል። ዲዛይነሩ ያሰበውና ሰው ያደረገው የተለያዩበት ቦታ ላይ አዲስ ሥራ ተኝቷል።

6. ሳጥን ይኑራችሁ፤ ስልኩን አትመኑት

ስልኬ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር “ለሐሳብ የሚሆን” ፎቶ ነበረኝ። ተመልሼ ያየሁት ሃያውን አይሆንም። ማንሳቱ ራሱ ሥራ የሠራሁ እያስመሰለ ያዘናጋኛል። አሁን ሕግ አለኝ። ፎቶ ባነሳሁበት ቀን ማታ ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፍበታለሁ፤ የምጽፈው ካጣሁ አጠፋዋለሁ። አብዛኛው ይጠፋል።

በእጅ የሚያዝ ነገር ሲሆን ግን ይለያል። የትኬት ቁራጭ፣ ክር፣ ቁልፍ፣ የማሸጊያ ወረቀት ወደ ሳጥኑ ይግባ። ጀርመናዊው ሠዓሊ ኩርት ሽቪተርስ ከመንገድ ባነሳው ትኬትና ወረቀት ነበር ኮላጁን፣ ማለትም ቁርጥራጭ እየለጠፈ የሚያወጣውን ሥዕል፣ የሚሠራው። ለሥራው ሁሉ የሰጠው “ሜርዝ” የሚለው ስም እንኳ “ኮሜርዝ” ከሚል የማስታወቂያ ቃል ተቆርጣ የቀረች ፍርፋሪ ናት። ጋና ተወልዶ ናይጄሪያ ውስጥ ሲሠራ የኖረው ኤል አናትሱይ በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን የሞላበት ከረጢት አገኘ። ወዲያው አልነካውም፤ ስቱዲዮው ውስጥ ቆየ። ኋላ ክዳኖቹን እየጠፈጠፈ በመዳብ ሽቦ አያያዛቸውና እንደ ጨርቅ ታጥፎ የሚሰቀል፣ ግድግዳ የሚያለብስ ሥራ ሆኑ።

ሳጥኑን በዓይነት አትደርድሩ። “ወረቀት”፣ “ብረት” ካላችሁት መጋዘን ይሆናል። በሚያደርጉት ነገር ለዩአቸው፦ የሚታጠፉ፣ የሚይዙ፣ የሚደብቁ፣ የሚያሳዩ። ሳጥኑ ሲሞላ ትልቅ ሳጥን አትፈልጉ፤ የማትፈልጉትን አውጡ።

7. ሁለት ነገር አጋጩ

ነገርን ነገር ያነሳዋል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከሳጥኑ ሁለት ነገር አውጡ። አሥራ አምስት ደቂቃ ሰዓት ሙሉና ሁለቱን የሚያገናኝ ሦስት መጥፎ ሐሳብ ሣሉ። መጥፎ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ጥሩ ሐሳብ ፈልጉ ቢባል እጅ ይታሰራል። ፒካሶ በ1942 የብስክሌት ኮርቻና መሪ አገናኘ፤ የበሬ ራስ ሆነ። ሌላ የጨመረው ነገር የለም።

8. ምንም ካልመጣ ዕቃውን አትቀይሩ

ብርሃኑን ቀይሩ፣ ገልብጡት፣ ጥላውን ብቻ ሣሉ። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ጆርጆ ሞራንዲ እነዚያኑ ጠርሙሶችና ማሰሮዎች እያቀያየረ ሲደረድር ለአሥርተ ዓመታት ሣላቸው፤ እኛ ለአንድ ሳምንት አያቅተንም።

9. በዚያው ቀን አንድ ነገር ሥሩበት

ሐሳቡ ደብተር ላይ ካደረ ይቀዘቅዛል። ትንሽ ሞዴል ቁረጡ፣ አንድ አንቀጽ ጻፉ፣ አንድ ኪስ ስፉ። ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ይሁን።

እኔ በዚያን ዕለት ማታ ስለ እስክሪብቶው የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር “ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል፤ ስለዚህ ቀዳዳ ተተወ” የሚል ነበር። ከእሱ ውስጥ የምሰርዘው ነገር አጣሁ፤ የያዝኩት መጽሐፍ ስለ አስም ነው። ሳንባውንና ሰማዩን ትቼ ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ ጥቁር ግራጫ አደረግኩት። መሃሉ ላይ አንዲት ቀዳዳ በሳሁ። ከሥሩ ያለውን የመጀመሪያውን ገጽ ቀለል ያለ ሰማያዊ ቀባሁት፤ በቀዳዳዋ ይታያል። የመጀመሪያው ናሙና አልሆነም። ቀዳዳዋ ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለነበረች ያየው ሁሉ የማተሚያ ስህተት መሰለው። ስምንት ሚሊ ሜትር ሳደርጋት ግን ሰዎች መጽሐፏን ሲቀበሉ መጀመሪያ ጣታቸውን እዚያ ላይ ማድረግ ጀመሩ።